ብሎክ ስንት ነው? የአዲስ አበባ ቤት ቁጥር ለቆጣሪ እንጂ ለእንግዳ አልተጻፈም

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው እንበል። ሁለት እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከመርካቶ ተነስተው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም ደርሰዋል። የመጡት ለቅሶ ሊደርሱ ነው። አድራሻው በስልክ ተነግሯቸዋል፤ የብሎክ ቁጥር፣ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር። ግቢው ውስጥ ገብተው ዙሪያውን ሲያዩ ግን ሕንፃው ሁሉ አንድ ነው። ያው ቀለም፣ ያው ደረጃ፣ ያው በረንዳ፣ ያው የሳተላይት ሳህን። አንዱ ሕንፃ ላይ የተጻፈው ቁጥር በዝናብ ታጥቦ ጠፍቷል፤ የሌላው የሚታየው ከጀርባ ብቻ ነው። ጥበቃውን ይጠይቁታል። ጥበቃው ቁጥሩን ሰምቶ ያስባል፣ ከዚያ «የማን ቤት ነው እናቴ?» ይላል። የሟችን ስም ሲነግሩት ፊቱ ይፈታል። «አሃ! ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ድንኳን የተጣለበት ጋ ነው።»

መንግሥት የሰጠው ቁጥር እናቶቹን ደጅ ላይ ጥሏቸው ነበር። ያደረሷቸው የሰው ስም፣ ወፍጮ ቤትና ድንኳን ናቸው። በአዲስ አበባ ጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ብዙውም «የእኛ ሰው አድራሻ አይችልም» ብሎ ያልፈዋል። ታሪኩ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ይህ ሕዝብ ቦታን በሥርዓት ማመልከት ከጥንት ያውቅበታል። ችግሩ ያለው በዚህ ከተማ ቤቶች ቁጥር የተሰጣቸው ለማን ተብሎ እንደሆነ በሚለው ጥያቄ ውስጥ ነው።

ሹመት አድራሻ በነበረበት ዘመን

ከአዲስ አበባ በፊት የኢትዮጵያ ነገሥታት ብዙ ዘመን በድንኳን ከተማ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በኢትዮጵያ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ የዐፄ ልብነ ድንግልን የጦር ሰፈር አሰፋፈር በዝርዝር ጽፏል። ሰፈሩ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ይተከላል። ነገር ግን በየሄደበት የሚዘረጋው በታወቀ ሥርዓት ነበር። የንጉሡ ድንኳን መሐል ላይ ይቆማል፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የመኳንንቱ ድንኳኖችና ገበያው እያንዳንዳቸው የተመደበ ቦታ ነበራቸው።

የዚህ ሥርዓት ምልክት ዛሬም በቋንቋችን ውስጥ አለ። ፊታውራሪ የፊቱ አዛዥ ነው። ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው፣ ደጃዝማች የደጁ። ሹመቱ ራሱ አቅጣጫ ይናገራል። ሌሊት የደረሰ መልእክተኛ ያን ሜዳ አይቶት ባያውቅም የንጉሡን ድንኳን ካገኘ በኋላ የትኛውን መኳንንት በየት በኩል መፈለግ እንዳለበት አይጠፋውም። በዛሬ አነጋገር ይህ የተሟላ የአቅጣጫ ማመልከቻ ሥርዓት ነው። አንድ የታወቀ መነሻ አለው፣ ከመነሻው ተነስቶ የሚቆጠር አቅጣጫ አለው፣ ሁሉም ሰው በቃሉ ያውቀዋል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የወረሰችው ይህንኑ ነው። ግቢው ጉብታው ላይ ሆነ፤ መኳንንቱም ከነሠራዊታቸው በየኮረብታው ሰፈሩ። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የጦር ማረፊያ ማለት ነበር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ የቤተ መንግሥቱ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር እየተባለ ከተማው በሰው ስምና በሥራ ስም ተሞላ። የጎዳና ስም አልነበረም፤ አላስፈለገምም። መንገደኛ «የማን ሰው ነህ?» ሲባል የሚሰጠው መልስ አድራሻውም ነበር።

ኮልፌ ስሙን ከየት ያገኛል?

ምዕራቡ ዳርቻ፣ ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ የሚባለው፣ ከመኳንንቱ ኮረብታዎች ራቅ ያለ ነው። ስሞቹም ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ቀራንዮ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያኑ ጋር የተያያዘ ነው። አጠና ተራ የባሕር ዛፍ አጠና የሚሸጥበት ነው፤ ስሙን የሰማ ሰው ምን ሊገዛ እንደሚሄድ ያውቃል። ጦር ኃይሎች ሆስፒታሉን ተከትሎ ተጠራ። ዘነበወርቅ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ስሙን ወሰደ። ያ ሆስፒታል ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ አለርት ተብሏል፤ የታክሲ ረዳት ግን ዛሬም «ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ!» እያለ ይጣራል።

ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር ደግሞ የዓለም ባንክ ገንዘብ ከገባበት የቤት ልማት ሥራ ስሙን አገኘ። በዓለም ላይ ስንት ከተማ ከዚያ ባንክ ተበድሯል፤ አበዳሪውን የታክሲ መድረሻ ያደረገው ግን የአዲስ አበባ ሰው ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ሚኪሊላንድ ነው። የስሙን ምንጭ ያልሰማ ሰው «ላንድ» የሚለውን ይዞ የመዝናኛ ቦታ ስም ሊመስለው ይችላል። ሚኪ ሊላንድ ግን የቴክሳስ ግዛት፣ የሂውስተን ከተማ ተወካይ የነበረ አሜሪካዊ የምክር ቤት አባል ነው። በአሜሪካ ምክር ቤት የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴን ይመራ ነበር። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. በጋምቤላ ወደሚገኘው የፉኝዶ ስደተኞች መጠለያ ሲጓዝ የተሳፈረበት አውሮፕላን ተራራ ላይ ወድቆ ከነተሳፋሪዎቹ ሞተ። ስሙ በአዲስ አበባ ምዕራብ ቀረ፤ የሰፈር ስም ሆነ፣ የኮንዶሚኒየም ሳይት ስም ሆነ። በየቀኑ ስሙን የሚጠራ ሺህ ሰው አለ፤ ማን እንደነበር የሚናገር ምልክት ግን ግቢው በር ላይ ቢኖር ስንቱ ቆሞ ባነበበው ነበር።

እነዚህ ስሞች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። አንዳቸውም ታውጀው የጸኑ አይደሉም፤ ሰው በእግሩ ሲሄድ ያየውን እየጠራ ያጸናቸው ናቸው። መንግሥት ከላይ ሲሰይም የሆነውን ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ብዙ የከተማዋ ጎዳናዎች በአፍሪካ አገሮች ስም ተሰይመዋል፤ በይፋ የጋቦን ጎዳና የተባለውን ግን ሰው «መስቀል ፍላወር» ይለዋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ይህን ተረድቶ ይመስላል፣ ከአያት ጦር ኃይሎች በሚዘልቀው መስመሩ ላይ «ኮካ ኮላ» እና «ባምቢስ» የሚሉ የሕዝብ ስሞችን ለጣቢያዎቹ ተቀበለ። ተሳፋሪም ሳይቸገር ለመደው።

የቆርቆሮው ቁጥር

ቤት ሁሉ ቁጥር የተለጠፈበት ዘመን የመጣው ከሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በኋላ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌዎችን፣ አቋቋመ። አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛና በየሥራቸው ባሉ ቀበሌዎች ተከፋፈለች። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ የተወረሱ ቤቶችን የሚያስተዳድረው ቀበሌው ሆነ። ኪራይ ለመሰብሰብ፣ የቤተሰብ ቁጥር ለመመዝገብ፣ በኅብረት ሱቅ ስኳርና ዘይት ለማከፋፈል እያንዳንዱ ቤት መቆጠር ነበረበት። ቁጥሩ በቆርቆሮ ተጽፎ በር ላይ ተመታ።

ይህ ቁጥር የታሰበለትን ሥራ በደንብ ሠርቷል። መዝገቡ ውስጥ ቤት አይጠፋም ነበር። መንገድ ላይ ያለው ሰው ግን በእሱ አይጠቀምም። ቁጥሩ የሚከተለው የመዝጋቢውን አካሄድ እንጂ የመንገዱን መስመር አይደለምና፣ 215ን ያገኘ ሰው 216ን በማዶኛው ቅያስ ሊያገኘው ይችላል። በኋላ የተሠራ ቤት በጎረቤቱ ቁጥር ላይ እዝባር እየተጨመረለት ተመዘገበ። ቁጥር ያልደረሰው ደግሞ መታወቂያው ላይ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» ተብሎ ተጻፈለት። ያ ቤት ሠላሳ ዓመት ኖሮ፣ ልጅ ድሮ፣ ጣሪያው ዝጎ ዛሬም «አዲስ» ሊሆን ይችላል።

በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች እንደገና ስትዋቀር ቀበሌዎች ተዋሃዱ፤ «ቀበሌ 10/11» የሚል ዓይነት አጻጻፍም የዚያን ጊዜ መጣ። ቀጥሎ ወረዳ ተተካ። ነዋሪው ከቤቱ ሳይነቃነቅ ከከፍተኛ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከቀበሌ ወደ ወረዳ ተዘዋወረ። ደብዳቤው ግን በዚህ ሁሉ መሐል ችግር አልገጠመውም፤ ድሮም ቤት ድረስ አይመጣም ነበር፣ የሚሄደው ወደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው።

ዕጣው የሰጠው አድራሻ

ኮንዶሚኒየም የመጣው በዚህ ላይ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነትን የሚደነግገው ዐዋጅ ቁጥር 370 በ1995 ዓ.ም. ወጣ። በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር በቦሌ ገርጂ የሙከራ ሕንፃዎች ተሠሩ። በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። «የ97 ተመዝጋቢ» እና «የ2005 ተመዝጋቢ» የሚሉ አነጋገሮች እስከ ዛሬ የአንድ ትውልድ ተስፋና ቁጭት መጠሪያ ናቸው።

ዕጣ ሲወጣ ዝርዝሩ ላይ የሚነበበው የባለ ዕድሉ ስም፣ ሳይት፣ ብሎክ፣ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር ነው። ለብዙ ቤተሰብ በሕይወቱ ያገኘው የመጀመሪያው የራሱ አድራሻ ይህ ነው። ችግሩ የብሎኩ ቁጥር የተወለደበት ቦታ ላይ ነው። ቁጥሩ የተሰጠው ሰው ከመግባቱ በፊት፣ የሳይት ፕላን ላይ ነው። ግንባታው ለብዙ ተቋራጮች ብሎክ በብሎክ ይከፋፈል ስለነበር ቁጥሩ ሲሚንቶና ብረት ለማስረከብ፣ የተሠራውን ለመለካትና ክፍያ ለመፈጸም አገለገለ። ሥራው ሲያልቅ የግንባታው መለያ እንዳለ የነዋሪው አድራሻ ሆኖ ቀረ። ከዋናው በር የሚገባ እግረኛ በየትኛው ቅደም ተከተል ሕንፃዎቹን እንደሚያገኛቸው በዚያን ጊዜ የጠየቀ አልነበረም። ስለዚህ ቁጥር እየቆጠሩ የሚሄዱ ሰዎች ድንገት ቁጥሩ ይዘልባቸዋል።

ፎቁም የራሱ ጣጣ አለው። «ጂ ፕላስ 4» የሚባለው ሕንፃ አምስት ወለል አለው። «ባለ አራት ፎቅ ነው» የሚሉ አሉ፤ «ባለ አምስት» የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። «አንደኛ ፎቅ» ለአንዱ መሬት ላይ ያለው ነው፣ ለሌላው አንድ ደረጃ የተወጣበት። «ምድር ቤት» የሚለው መልካም ቃላችን እንኳ አንዴ የመሬቱን ወለል፣ አንዴ ከመሬት በታች ያለውን ይጠራል። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ላይ ይህ ስሕተት በጉልበት ይከፈላል። ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት አንድ ፎቅ በከንቱ ወጥተው ሲመለሱ ቀላል ነገር አይደለም።

በር ላይ ያለው ቁጥርም አልጸናም። ነዋሪው ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው የእንጨቱን በር በብረት መቀየር ነው፤ ቁጥሩ ከበሩ ጋር ይሄዳል። ሕንፃው ሲታደስ የግድግዳው ቁጥር ቀለም ይቀባበታል። መንግሥት የጻፈው ሲጠፋ ሰው የራሱን ይጽፋል። መሬቱ ላይ ያሉት ሱቆች ምልክት ይሆናሉ፦ ከፋርማሲው በላይ፣ ከጀበና ቡናው ፊት ለፊት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ሱቁ ተዘግቶ እንኳ «ድሮ ዳቦ ቤት የነበረበት» ተብሎ ለዓመታት ያገለግላል። ይህ የሰፈር አሰያየም ሕግ ነው፣ አጠና ተራን አጠና ተራ ያለው ያው ልማድ።

ይህ ልማድ ግን ወሰን አለው። የሚረዳው አስቀድሞ ቦታውን ለሚያውቅ ሰው ነው። በ939 ተጠርቶ የመጣ የእሳት አደጋ ሾፌር ዳቦ ቤቱ ድሮ የት እንደነበር አያውቅም። ምጥ የያዛትን ሴት ሊወስድ የመጣ አምቡላንስም እንዲሁ። ለዚህ ነው ሌሊት ቤተሰቡ አንድ ወጣት መርጦ አስፋልት ዳር በስልክ መብራት እንዲያውለበልብ የሚልከው። ወጣት የሌለበት ቤትስ? ብቻቸውን የሚኖሩት እናትስ?

ጥያቄው ዛሬ ከመቼውም ይበልጥ ይከብዳል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ከፒያሳና ከሌሎች ነባር ሰፈሮች የተነሱ ሰዎች በየጋራ መኖሪያ ሳይቱ ገብተዋል። ስድሳ ዓመት በአንድ ሰፈር የኖሩ፣ አድራሻቸው የራሳቸው ስም የነበረ ሰዎች ናቸው። ቀድሞ «የእነ እገሌ ቤት» ብሎ የጠየቀ ሁሉ ያገኛቸው ነበር። አዲሱ ቦታ ላይ የቀራቸው ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩም ግድግዳው ላይ ካልታየ የሚጠይቃቸው ሰው ይቀንሳል። እድሩ ይርቃል፣ ጽዋው ይቀራል።

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው?

ቤትን ለቆጣሪ መቁጠር የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ዘመን፣ ያችው በጠገራ ብራችን ላይ የምናውቃት፣ እ.ኤ.አ. በ1770 የቪየና ቤቶች ቁጥር የተጻፈባቸው ለውትድርና የሚመለመሉ ወንዶችን ለመቁጠር ነበር። ብዙ ከተሞች ግን ከቆጠራው ቀጥለው ሁለተኛ ሥራ ሠሩ፤ ቁጥሩን በመንገድ መስመር አስተካከሉት፣ ጎዶሎውን በአንድ ወገን፣ ሙሉውን በሌላው አደረጉት። እኛ ያልሠራነው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ጃፓን ደግሞ ለእኛ ትቀርባለች። በቶኪዮ አብዛኛው መንገድ ስም የለውም። ቁጥር የሚሰጠው ለብሎኩ ነው፤ በብሎኩ ውስጥም የቤቶቹ ቁጥር በብዙ ቦታ የተሠሩበትን ቅደም ተከተል ይከተል ነበር። እንግዳ ይጠፋል። ጃፓኖች ግን ጥፋቱን ለእንግዳው አልተዉለትም። በየመንገዱ መታጠፊያ የአካባቢውን ካርታ ይሰቅላሉ፤ በየሰፈሩ ያለች ትንሽ የፖሊስ ቤት ውስጥ ያለው ፖሊስ መንገድ ማመልከት አንዱ ሥራው ነው። የእኛ ኮንዶሚኒየም ጥበቃም ይህን ሥራ በየቀኑ ይሠራል፤ ልዩነቱ ካርታ የሰጠው አለመኖሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው የሜክሲኮ ሲቲ የምድር ውስጥ ባቡርም የሚያስተምረው አለ። ማንበብ ለማይችል ተሳፋሪም እንዲሆን ለየጣቢያው ሥዕል ተሠራለት። ቻፑልቴፔክ ማለት በጥንቱ ቋንቋ የፌንጣ ኮረብታ ማለት ነው፤ የጣቢያው ምልክት ፌንጣ ሆነ። ሕፃኑም አያቱም «ፌንጣው ጋ እንወርዳለን» ይላሉ። የቦታው ታሪክ አድራሻ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ባልዲ ቀለም

«እንግዲያው የብሎኮቹን ቁጥር እንደገና እንቁጠር» የሚል ይኖራል። አይሆንም። ቁጥሩ ካርታ ላይ ሰፍሯል፣ የባንክ ብድር ውል ላይ ተጽፏል፣ የመብራት ቆጣሪ ተመዝግቦበታል። እሱን መንካት የሺህ ሰው ሰነድ ማናጋት ነው። የቆጣሪው ቁጥር ባለበት ይቆይ፤ የሚያስፈልገው በላዩ ላይ ለመንገደኛው የሚሆን ሌላ ጽሑፍ ነው።

ይህም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በየበሩ መግቢያ ላይ ቆሞ የሚነበብ ካርታ፣ አንባቢው የቆመበት ቦታ በቀይ የተመለከተበት። መንገዱ በሚታጠፍበት ሁሉ «ከዚህ እስከዚህ ያሉ ብሎኮች በዚህ በኩል» የሚል ቀስት፤ ሰው የሚጠፋው መታጠፊያ ላይ ነውና። የብሎኩ ቁጥር በአራቱም ወገን፣ ከመንገድ መብራት ፊት ለፊት። በየደረጃው መውጫ ላይ ያ ደረጃ የሚያደርስባቸው ቤቶች ቁጥር። በየወለሉ ላይ «ምድር»፣ «1»፣ «2» የሚል ጽሑፍ፣ ዕጣው ዝርዝር ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ የሆነ። የበሩ ቁጥር በሚቀየረው በር ላይ ሳይሆን በማይቀየረው ግድግዳ ላይ። ብሎኮቹም በአምስት በስድስት ተቧድነው ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቀለምና አንድ ሥዕል፤ ጀበና፣ አጠና፣ ዋርካ፣ ነዋሪው የመረጠው። የአራት ዓመት ልጅ «ብሎክ 38» ማለት ባትችል «ጀበናው ጋ ነው ቤታችን» ማለት ትችላለች፤ የጠፋች ቀን የምትመለሰው በዚህ ነው።

የሚያስፈጽም አካልም አለ። ዐዋጅ 370 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋም ያዝዛል፤ የጋራ መጠቀሚያውን የሚያስተዳድረውም እሱ ነው። ማኅበራቱ ለጥበቃና ለጽዳት መዋጮ ይሰበስባሉ፤ ለምልክት ግን በጀት የያዘ ማኅበር ማግኘት ይከብዳል። ክፍለ ከተማው ደግሞ አዲስ ሳይት ሲረከብ ውኃና መብራት መግባቱን እንደሚያረጋግጥ ሁሉ፣ ቦታውን የማያውቅ አንድ ሰው በር ላይ አቁሞ «ይህን ቤት ፈልግ» ብሎ መፈተን ይችላል። ሰውየው ሳይጠይቅ ካልደረሰ ሳይቱ አላለቀም።

ይህ አገር በሩን አንኳኩቶ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ላለ መንገደኛ መደብ የሚለቅ አገር ነው። ለንጉሥ ሰፈር የድንኳን ሥርዓት ያወጣ፣ ሹመትን በአቅጣጫ የጠራ ሕዝብ ነው። ለአምስት ወለል ሕንፃ ይህን ማድረግ አያቅተውም። እነዚያ ነጠላ ያዘቀዘቁ እናቶች በሚቀጥለው ሲመጡ፣ ለልደትም ይሁን ለለቅሶ፣ ድንኳን ባይተከልም ቤቱን ሊያገኙት ይገባል።